ኅዳር 20 ይገባል የተባለው ጌም

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለድረስ፤

ጤናህን እጠይቃለሁ፤ በካርቦን ስለምጽፍ ሁለት ጊዜ እንደጠየቅሁህ ቁጠረው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው የሚያምፀው እንጂ ወንበር ላይ ጨዋ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። በስልክ የማልነጋገረው በስልክ የተነገረ ነገር ግልባጭ ስለሌለው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የካደ ሰው ሁሉ የሚክደው በቃሉ የተናገረውን ነው። በታይፕ የተመታውን ሲክድ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት ሹመት አገኘ።

የጌሙን ቀን ለምን አጥብቄ እንደምጠይቅህም ልንገርህ። ሳሎኔን ጌም ቤት ካደረግሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክ አለኝ፤ አንደኛው ወደ ግራ አልሄድም ይላል፣ እሱን የምሰጠው ለሚሳደብ ልጅ ነው። ይህን ያህል ዕቃ ሌላም ሰው አለው። እኔ ዘንድ ብቻ ያለው ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ነው፦ «ሊጠበቁ የሚገባቸው አዲስ ጌሞች»። አንተ ከመርካቶ የምትጽፍልኝን ወሬ በወር በወሩ በታይፕ እመታና፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ፣ ፈርሜ እለጥፈዋለሁ። የመኪና እሽቅድምድሙ ነሐሴ 25 ይገባል ብዬ ለጠፍሁ፤ ነሐሴ 25 ገባ። በከተማችን በተባለበት ቀን የሚገባ ነገር ጾምና የእኔ ሲዲ ብቻ ነው። ቀበሌው ሰሌዳ ላይ «የውሃ መስመሩ በቅርቡ ይዘረጋል» የሚለው ማስታወቂያ ሦስተኛ ክረምቱን ጨርሶ ቀለሙ ለቋል። ልጆቹ የሚያነቡት የእኔን ነው። ስለዚህ «ወደ ኅዳር ገደማ» እያልህ አትጻፍልኝ።

አንለይ አሁንም ይመጣል ወይ ላልኸው፣ ይመጣል። የቀበሌያችን የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ወጣቱ የት እንዳለ ሲፈልግ የሚያገኘው እኔ ቤት ነው። ድሮ እኛ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲገባ የቅጥር ደብዳቤውን የመታሁለት እኔ ነኝ፤ አንድም ስሕተት ሳልሠራ በመምታቴ ዛሬ ይቆጨኛል። ባለፈው የላክህልኝን የመኪና ጌም ሽፋን አንሥቶ 2007 የሚለውን አየና፣ «እትዬ፣ እኛ 1999 ላይ ነን። ፈረንጁም ቢሆን 2006 ላይ ነው። ይህ የማን ዓመት ነው?» አለኝ።

«የሚመጣው ዓመት ነዋ፤» አልሁት።

«የሚመጣውን ዓመት ማን ፈቀደልዎ?»

እኔ ሳቅሁ። እሱ ማስታወሻ ያዘ።

የጥቅምቱን ወሬ በቶሎ ላክ። ሰው የማይሞትበት ጌም ካለም ፈልግልኝ። ነፍስ አባቴ አባ ዘማርያም ባለፈው ሳምንት ቤቱን ሊባርኩ መጥተው አንዱን የተኩስ ጌም ቆመው ሲያዩ ቆዩና «የእነዚህ ሁሉ ፍትሐት በማን ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አክስትህ
ወለተ ሐዋርያት


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እታለም፤

እንዴት ሰነበቱ? የአባን ነገር ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛ ሸሸኝ። እማማን ቅዳሜ አግኝቻታለሁ፤ ሰላም ብላለች፤ «እህቴ ከሰው ጋር አትጣላ» ብላለችም። እኔ አድርሻለሁ፤ ሌላ አስተያየት የለኝም።

ወሬውን ከየት እንደማገኘው ለጠየቁኝ፣ አሠሪዬ ከዱባይ ዕቃ ሲያስመጣ አብሮ የሚመጣ የጌም መጽሔት አለ። እንግሊዝኛዬ የቻለውን ያህል አነበዋለሁ፤ ያልቻለውን ከሥዕሉ እገምታለሁ። ቀኑን ግን በእኛ አቆጣጠር የምቀይረው ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው።

የኳሱ ጌም ጥቅምት 12 እጅዎ ይገባል። የተጫዋቾቹ ላብ ይታያል ይላሉ፤ ዳኛው ግን ከአምናው አልተሻሻለም። አዲሱ የመኪና ጌም ጥቅምት 28 ነው፤ ዝናብ መስተዋቱን ሲመታው ይሰማል።

ሰው የማይሞትበትን በተመለከተ፣ አግኝቼልዎታለሁ። የእርሻ ጌም ነው። ሲጀምሩ ባዶ መሬት ይሰጥዎታል። ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያርማሉ፤ ዝናቡ በሰዓቱ ይዘንባል፤ ምርት ሲያስገቡ መሬት ይጨመርልዎታል፣ ትራክተርም ይመጣል። ጠላት የለው፣ ጥይት የለው። አሠሪዬ «ይህን ማን ይገዛል? ሰው ሁሉ ከእርሻ ሸሽቶ አይደል እዚህ የመጣው?» ብሎ ሳቀብኝ። መጽሔቱ ግን በዚህ ዓመት ከሚጠበቁት አንደኛ አድርጎታል። የሚወጣው ኅዳር 17 ነው። ለመንገድ ሦስት ቀን ይጨምሩና ኅዳር 20 እጅዎ ይገባል ይበሉ። የጠዋቱ አውቶቡስ ረዳት ያደርሰዋል።

የእህትዎ ልጅ
ድረስ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ድረስ፤

ደስ ስላለኝ ሰላምታዬ አጭር ነው። የኳሱ ጌም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገባ። መቅደላዊት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወንዱን ሁሉ አሰልፋ ስታሸንፍ ዋለች፤ ወንዶቹ አሁን ጌሙ ተበላሽቷል የሚል ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው።

ወረቀቱን ልየው ስላልህ ሦስተኛውን ቅጂ ልኬልሃለሁ። ቀለሙ ቢደበዝዝ ካርቦኑ አርጅቶ ነው፦

ቁጥር ወ/ሐ/14/99
ቀን ጥቅምት 13/1999
ለሚጠባበቁ ወጣቶች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ሊጠበቁ ስለሚገባቸው አዲስ ጌሞች
1ኛ. የኳስ ጌም፦ ገብቷል።
2ኛ. የመኪና ጌም፦ ጥቅምት 28 ይገባል።
3ኛ. የእርሻ፦ ለጀመረ ወጣት ሁሉ ለም መሬትና ዘር ይሰጠዋል። ዝናብ በወቅቱ ይዘንባል። ጠንክሮ ለሠራ መሬት ይጨመርለታል፤ ትራክተርም ይመጣለታል። ኅዳር 20 ይገባል። ቀኑ አይራዘምም።

በዚህ ጊዜ ከቤት ውስጥ አውጥቼ በመንገዱ በኩል በር ላይ ለጠፍሁት፤ ውስጥ የሚያነበው ሰው የሚጫወተውን እየጋረደ አስቸገረኝ። አንለይ ሲያልፍ ቆሞ አነበበና «አይራዘምም» የምትለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እትዬ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።»

«ለምን?»

«ያስገድዳል።»

ወለተ ሐዋርያት


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 5 ቀን 1999 ዓ.ም.

ድረስ ልጄ፤

«ከተማው ውስጥ የሚወራው እውነት ነው ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን እናትህ ጥሩብርሃን ናት ያስጠየቀችህ፤ አውቄዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ከእኔ ስማ።

ለገበያ የመጣ አንድ ሰው ከበራፌ ላይ ሦስተኛውን ተራ ቁጥር ብቻ በእስክሪብቶ ገልብጦ ወሰደ። ከላይ ያለውን ኳስና መኪና ምን ያደርግለታል? ቁጥሩን፣ ቀኑንና ፊርማዬን ግን አልተወም፤ ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ወረቀቱ ደምበጫ ገበያ ላይ ተነበበ። ሰኞ ጠዋት መሬት ያልደረሳቸው አርባ አንድ ወጣቶች ቀበሌው በር ላይ ተሰለፉ።

እዚህ ላይ የሚሳቀው በእነሱ እንዳይመስልህ። ቀበሌው መዘገባቸው። ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ያለው ወረቀት ሲያዩ የሚሠሩት ሌላ ምን አለ? አዲስ መዝገብ አወጡ፣ አሰመሩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የቤተሰብ ብዛት ሲጽፉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጸሐፊ «ይህ ወ/ሐ የትኛው መምሪያ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አንለይ በደብዳቤ ጠራኝ። ደብዳቤው ውስጥ ሰባት የፊደል ግድፈት ነበረ፤ በቀይ አርሜ ይዤለት ሄድሁ። ያለው ይህ ነው፦ ቅዳሜ ኅዳር 30 በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል። እዚያ ቆሜ «የለጠፍሁት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ሕዝቡን አሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ አነባለሁ። ካላነበብሁ ጌም ቤቱ ይታሸጋል። የማነበውንም ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ፈርሞበት ሰጠኝ።

ይህ እንቅልፍ አልነሣኝም። ከአርባ አንዱ መጀመሪያ የተመዘገበው አወቀ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሁለት ቀን ተሰልፎ ሲያበቃ ቤቴ መጣ። ወንበር ሰጥቼው፣ ጌም ማለት ምን እንደሆነ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አይቶ ጨረሰና፣ «እሽ። ጌሙስ? እሱስ በተባለው ቀን ይመጣል?» አለኝ።

«ኅዳር 20 ይመጣል፤» አልሁት።

«እንግዲያው ሁላችንም መጥተን እናያለን። የሚመጣ ነገር አይተን እንወቅ።»

አንለይ ውሸታም ይበለኝ፤ ግድ የለኝም። አወቀ ፊት ግን ውሸታም አልሆንም። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፦ ሲዲው ኅዳር 20 ይደርሳል።

አክስትህ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእታለም፤

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎስ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? አባ ዘማርያም ደህና ናቸው? መቅደላዊትስ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማማ ደህና ናት። አሠሪዬም ደህና ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች፤ ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይ አለ። ሱቃችን በር ላይ ያለው መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ አቧራው ያስቸግራል።

የመኪናው ጌም ደረሰ ወይ? ዝናቡ ይሰማል?

ሌላውን ነገር እየተከታተልኩት ነው።

የእህትዎ ልጅ
ድረስ


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ድረስ፤

ጉልበቴ ደህና ነው። ብርዱ ደህና ነው። የመኪናው ጌም ደርሷል፤ ዝናቡም ይሰማል። አሠሪህ ደህና መሆኑ ደስ ብሎኛል፤ እስከ ዛሬ ስለ ጤናው ጽፈህልኝ አታውቅም።

ሃያ ሰባት ዓመት የእምቢታ ደብዳቤ መትቻለሁ። እምቢታው አንድ መስመር ከሆነ ሰላምታው ሁለት አንቀጽ ነው። እኔን በሰላምታ አታልፈኝም።

አባ ዘማርያምን አንለይ ለሽምግልና ልኳቸው ነበር። «ልጄ፣ አንብቢላቸውና ንስሐውን ለእኔ ተዪው፤» አሉኝ።

«አባ፣ ያልዋሸሁትን ዋሽቻለሁ ብል እሱ ራሱ ውሸት አይደለም ወይ?»

«ነው፤» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንግዲያው እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም፤» ብለው ወጡ። ሽማግሌ እንዲህ ነው።

እውነቱን ጻፍልኝ። መጥፎ ከሆነ አጭር አድርገው።

ወለተ ሐዋርያት


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

እታለም፤

አይመጣም። ወደ የካቲት 15 ተዛውሯል።

ይህን ያወቅኩት መቼ ነው ብለው መጠየቅዎ አይቀርምና አስቀድሜ ልናገር፦ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። አዲሱ መጽሔት መጣ፤ የሠሪዎቹን ቃል አትመውበታል። ገና አላለቀም፣ ያልተጠናቀቀ ነገር አንሸጥም፣ የጠበቃችሁንን ይቅርታ እንጠይቃለን ብለዋል። ለእርስዎ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ የአርባ አንዱ ነገር መጣ፤ ፈራሁ። ምናልባት በመካከሉ አንድ ነገር ይፈጠራል ብዬ ስጠብቅ ነበር። የፈጠርኩት ነገር ቢኖር ያን የሰላምታ ደብዳቤ ነው። አፈርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

መፍትሔ አለኝ። ላምና በግ ያለበት የቆየ ጌም አለ፤ እርሻም ትንሽ አለው። አዲስ ሽፋን እዚሁ የሚያትም ልጅ አለ፤ ላዩ ላይ የሚፈልጉትን ይጽፍልዎታል። በማግስቱ ይደርሳል። እነዚያ ልጆች ጌም አይተው አያውቁ፤ ማን ይለየዋል?

ይህ ካልሆነ ደግሞ የአንለይን ወረቀት አንብበውላቸው ይገላገሉ። እማማ እያለቀሰች ነው። ቤቱን እንዲያጡ አልፈልግም። እባክዎ ይቆጡኝ እንጂ መልስ አይከልክሉኝ።

ድረስ


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ድረስ ልጄ፤

መልሴ የዘገየው ተቆጥቼ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለቁጣው መትቼ ቀደድሁት፤ ካርቦኑንም አብሬ። ይህ ሁለተኛው ነው፤ ይቅር ብየሃለሁ። ለእናትህም አንብብላት፣ እንዳታለቅስ።

ሽፋኑን በተመለከተ፦ አዎን፣ ማንም አይለየውም ነበር። ችግሩም እሱ ነው። የማይለይ ሰው ፊት ማጭበርበር ከፈለግሁ በቀበሌው ውስጥ ሥራ እገባለሁ እንጂ ጌም ቤት ምን አስከፈተኝ።

ኅዳር 20 ጠዋት ሠላሳ ስምንቱ መጡ። ሦስቱ አውድማ ላይ ነበሩ። በራፌ ላይ ቁጥር ወ/ሐ/16/99ን አገኙ። ጉዳዩ፦ ስለ መዘግየት ይቅርታ ስለመጠየቅ። «የእርሻው ጌም ኅዳር 20 ይገባል፣ ቀኑም አይራዘምም ብዬ ነበር። ተራዝሟል። ምክንያቱ ሠሪዎቹ አልጨረሱትም። አይራዘምም ብዬ የፈረምሁት እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። መንገድ ስላስመጣኋችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዲሱ ቀን የካቲት 15 ነው።» ፊርማ።

አወቀ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ከዚያ ለራሱ ደገመው። «እትዬ፣ ያዘገዩት ሌሎች አይደሉ? እርስዎ ለምን ይቅርታ ይጠይቃሉ?»

«ቀኑን የሰጠኋችሁ እኔ ነኛ።»

«እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም፤» አለ። ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ኳሱን ከፈትሁላቸው። መቅደላዊት ሠላሳ ስምንቱንም ረታቻቸው።

ቅዳሜ ኅዳር 30 አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንለይ «አሁን እትዬ ወለተ ሐዋርያት ይቅርታቸውን ያነባሉ፤» አለ። ተነሣሁና ቁጥር 16ን ከላይ እስከ ታች አነበብሁ።

«ይህ አይደለም። የእኛ የት አለ?» አለኝ።

«የእናንተ ይቅርታ? እኔም እሱን ነው የምጠብቅ፤» አልሁት።

አዳራሹ ሳቀ። አንለይ ጠረጴዛውን ሲመታ አወቀ እጁን አወጣ፤ ደምበጫ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነው የተናገረው። «የእትዬ ጌም መሆኑን አውቀናል፤ ይቅርታም ተጠይቀናል፤ አዲስ ቀንም ተሰጥቶናል። የእናንተ መዝገብ ግን ጌም አይደለም። ሁለት ቀን አሰልፋችሁ አርባ አንድ ሰው ጽፋችኋል። መሬቱ መቼ ነው?»

አንለይ «በቅርቡ፤» አለ። ልማድ ሆኖበት ነው፤ አፉ ብቻውን ነው የተናገረው። ከዚያ በኋላ ስብሰባው አልሆነለትም።

ሰኞ ጌም ቤቱ ታሸገ። ሁለት ሰዎች መጥተው ሙጫና ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ፤ እየለጠፉም የካቲት ላይ የሚመጣው ጌም ስንት ሰው ያጫውታል ብለው ጠየቁኝ። ቴሌቪዥኖቹም ፕሌይስቴሽኖቹም ውስጥ ናቸው። አልዋሽህም፣ አዝኛለሁ፤ የሳሎኔ ዝምታ ከብዶኛል። መልሰው ይክፈቱት አይክፈቱት አላውቅም። «ሐሰት ነው» ብዬ ባነብላቸው ኖሮ ክፍት ነበር፤ ማን ግን መጥቶ ወረቀቴን ያምን ነበር?

የጽሕፈት መኪናዬ ጓዳ ስለነበረች አልታሸገችም። ማክሰኞ ጠዋት አወቀና ጓደኞቹ መጡ። ማመልከቻ ይመታልን አሉ። ስለዚህ አድራሻዬ ተለውጧል፦ ከቀበሌው በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሁለት ሽማግሌዎች ቀጥሎ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተኮሳተሩብኝ፤ አሁን ስለ ኳሱ ጌም ይጠይቁኛል። የታኅሣሡን ወሬ በዚሁ አድራሻ ላክ። ዝርዝሩ አይቋረጥም፤ የሚጠብቅ ሰው እስካለ ድረስ የሚጠበቀውን እጽፋለሁ።

ማመልከቻው አጭር ነው። ጉዳዩ፦ ቀን ስለመጠየቅ። መሬት ስጡን አይልም፤ ይሰጣል ከተባለ መቼ፣ አይሰጥም ከተባለ ይኸው ይነገረን ይላል። አርባ አንድ ፊርማ አለበት። ረቡዕ አወቀና እኔ ገብተን አንለይ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። ማመልከቻ የተቀበለ ሹም ግልባጩ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ፣ ቀን ጽፎ ይፈርማል። ይህን ደንብ እሱም ያውቃል፤ ተላላኪ ሳለ በዚህ ሲሮጥ የኖረ ነው። ወረቀቱን አገላበጠ፤ የፊደል ግድፈት ፈለገ፤ አጣ።

«እስክሪብቶ የለኝም፤» አለ።

የእኔን ሰጠሁት። ግልባጩ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ፈረመና ቀኑን ጻፈ፦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1999።

ውጭ የሚጠብቁት አርባው ግልባጩን ተቀባበሉት። ማመልከቻውን አላነበቡም፤ ያውቁታል። እያንዳንዳቸው አውራ ጣታቸውን ከቀኑ ሥር አሳርፈው አዩትና ለሚቀጥለው አሳለፉ።

አክስትህ
ወለተ ሐዋርያት